ስልኬ ቪዲዮ አልቀዳ አለኝ፣ ልጄ መድረክ ልትወጣ ነው!

የቶኪዮ እናት፦
እባካችሁ ቶሎ! የልጄ መዋዕለ ሕጻናት ዓመታዊ ትዕይንት ላይ ነኝ፣ እዚሁ ቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ። ቀረጻ ስጀምር ትንሽ ይሄድና «ቦታ የለም» ብሎ ቀጥ ይላል። ብዙ ፎቶ አጠፋሁ፣ ያው ነው። አሁን ትንንሾቹ ከበሮ ይዘው ቆመዋል፣ የእኔዋ ቀጥላ ናት። አባቷ ሥራ ላይ ሆኖ ቪዲዮውን እየጠበቀ ነው።

የድሮ ተማሪ፦
እህቴ፣ ስልኩን አስቀምጪና በዓይንሽ እያት። የዘንድሮ ወላጅ ልጁን በስክሪን ነው የሚያሳድገው። እኛ የወላጆች ቀን ላይ ግጥም ስናነብ ማን ቀረጸን?

ዝምተኛው፦
ሪስታርት አድርጊው።

ናጎያ ነኝ፦
ቆይ፣ መቅረጽ ተፈቅዷል ወይ? አንዳንድ ቦታ ክልክል ነው፣ ባለሙያ ቀርጾ ዲቪዲ ይሸጥልሻል። የተሰጠሽን ወረቀት አንብቢ።

የቶኪዮ እናት፦
ተፈቅዷል! የሌላ ሰው ልጅ ስላለበት ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ነው የማይቻለው። አይፎን ነው፣ ረስቼው።

የሁለት ልጆች አባት፦
ከበሮዎቹ ላይ ከሆናችሁ አትደንግጪ፣ ጊዜ አለሽ። አስተማሪዋ ከመድረኩ ሥር ቁጢጥ ብላ እንቅስቃሴውን ታሳያቸዋለች፣ ግማሾቹ እናታቸውን ይፈልጋሉ፣ አንዱ ያለቅሳል። የእኔ ልጅ ዛፍ ሆኖ ቆሞ ነበር። ዛፉ መሀል ላይ «ሽንቴ መጣ» አለ።

ሜሞሪ፦
የቶኪዮ እናት፣ አይፎን ያጠፋሽውን ወዲያው አይጥለውም። እስከ 30 ቀን «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» የሚለው አልበም ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ቦታውም አይለቀቅም። ፎቶስ ግቢ፣ ወደ ታች ውረጂ፣ እዚያ ያለውን ሁሉ አጥፊ። ከዚያ ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ሪከርድ ቪዲዮ ገብተሽ የቪዲዮውን ጥራት 1080 በ30 አድርጊው። 4ኬ በ60 ላይ ከሆነ በደቂቃ 400 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ ይሄኛው 60 ገደማ ነው።

ዝምተኛው፦
ሪስታርት አድርጊው አልኩ እኮ።

ሻይ ቡና፦
ቴሌግራምሽንም እዪው፣ ስንት ጊጋ ይዞ ይሆናል! ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ፣ ክሊር ካሽ። ቻትሽ አይነካም።

ናጎያ ነኝ፦
ይሄ ሁሉ ካልሆነ አጠገብሽ ያለችውን እናት ጠይቂያት። የእሷም ልጅ እዚያው ክፍል ናት፣ ቀርጻ ላይን በሚባለው የመልእክት አፕ ትልክልሻለች። ደግሞ ስልኩን ከራስሽ በላይ አታንሺ። ከኋላ ያለው ምንም አይልሽም፣ ግን አያይም።

የድሮ ተማሪ፦
አሁንም እላለሁ፣ በዓይንሽ እያት።

የሁለት ልጆች አባት፦
አባቷስ በማን ዓይን ይያት ጋሼ?

ሻይ ቡና፦
የቶኪዮ እናት፣ ተሳካ?

አዲስ ገቢ፦
እኔም ሳምሰንግ ላይ እንዲሁ ሆኖብኛል፣ ብሰርዝም ቦታ አይለቅም።

ሜሞሪ፦
ጋለሪ ውስጥ ትራሽ አለ፣ እሱም 30 ቀን ይይዛል። ባዶ አድርገው።