ሻምፒዮን ጫማውን የሚሰቅለው መቼ ነው? የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ክርክር

ከሆጤ (ጥያቄ አቅራቢ)፦
ትናንት ማታ ስለ ቀነኒሳ ስንከራከር የፒያሳዋ እህታችን የጃፓኑን የፊገር ስኬቲንግ (ከሥሩ ምላጭ ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘልሉበትና የሚሽከረከሩበት ስፖርት) ሻምፒዮን ዩዙሩ ሃንዩን አነሣች፤ በ27 ዓመቱ ከውድድር የወጣውን። ከዚያ ወዲህ ቡድናችን ለሁለት ተከፍሏል። ስለዚህ ጥያቄው ይኸው፦ ትልቅ ስፖርተኛ ከውድድር የሚወጣው ራሱ በፈለገ ጊዜ ነው ወይስ ለአገሩና ለደጋፊው ዕዳ አለበት? በስማችን ፋንታ የሰፈራችንን ወይም የከተማችንን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ ሁላችንም በፈረንጆቹ እንጻፍ። ስድብ የለም።

ከፒያሳ፦
ልጁን የማታውቁት ስላላችሁ ከእሱ ልጀምር። ሃንዩ የሴንዳይ ልጅ ነው፤ በ1994 የተወለደ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አስም ያለበት። ማርች 11 ቀን 2011 ያ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሳ ልምምድ ላይ ነበር፤ የበረዶ ጫማውን እንዳደረገ ሮጦ ወጣ። ከቤተሰቡ ጋር መጠለያ ገባ። የሚለማመድበት አዳራሽ ተጎድቶ ተዘጋ። ይኸው ልጅ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በሶቺ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ፤ በወንዶች ነጠላ ከእስያ የመጀመሪያው ነው። በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ ደገመው፤ ያውም ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ለወራት ሳይወዳደር ከርሞ። ከአሜሪካዊው ዲክ በተን ወዲህ፣ ማለትም ከ1952 ወዲህ፣ ወርቁን በተከታታይ የወሰደ ወንድ አልነበረም።

የእኔ ነጥብ ያለው ግን 2022 ቤጂንግ ላይ ነው። አክሴል የሚባል ዝላይ አለ፤ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው ስኬተሩ ፊቱን ወደፊት አድርጎ ስለሚነሳ ነው። ሲያርፍ ግን ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ግማሽ ዙር ይጨምራል። አራት ዙር ከተባለ አራት ተኩል ነው። በዚያን ጊዜ ይህን በውድድር ያሳካ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ሃንዩ በመጀመሪያው ቀን ምላጩ በረዶው ላይ ከነበረ ጉድጓድ ገብቶበት ዝላዩ ተበላሸ፤ ስምንተኛ ሆነ። በሁለተኛው ቀን የለመደውንና ነጥብ የሚያስገኝለትን ብቻ ሠርቶ መውጣት ይችል ነበር። አልፈለገም። አራት ተኩሉን ሞከረ፣ ወደቀ፣ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሠራ። ዙሩ ባይሞላም ሙከራው በአራት ዙር አክሴልነት ተመዘገበለት። በአጠቃላይ አራተኛ ወጣ።

በዚያው ዓመት ጁላይ 19 ቶኪዮ ላይ ጋዜጠኞች ሰብስቦ ከውድድር መውጣቱን ተናገረ። በውጤት በኩል ማግኘት ያለብኝን አግኝቻለሁ አለ። የወጣው ከዳኞቹ ፊት ነው፤ በረዶውን አልተወም። በፌብሩዋሪ 2023 ቶኪዮ ዶም ውስጥ 35 ሺህ ሰው ፊት ብቻውን ትርኢት አሳየ። ታዲያ የቀረበት ዕዳ የቱ ነው?

ከሰኞ ገበያ፦
እህቴ፣ ታሪኩን አሳምረሽ ነገርሽን፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። እሱ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ ሴፕቴምበር 2022፣ ኢሊያ ማሊኒን የሚባል የ17 ዓመት አሜሪካዊ አራት ተኩሉን በውድድር ላይ ዘሎ ቆመ። ሃንዩ ቢቆይ ኖሮ ሁለቱን ጎን ለጎን እናይ ነበር። ሰው አንድ ነገር ጀምሮ ሊጨርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ይተዋል? ደግሞስ እዚህ ደሴ ላይ ቁጭ ብሎ ለጃፓን ልጅ ማልቀስ ምንድነው? የራሳችን ጀግኖች አሉን፤ የሚያለቅስላቸው ያጡም አሉ።

ከኮምቦልቻ (የታዳጊ ሯጮች አሰልጣኝ)፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም እስከ መጨረሻው ስሙኝ። በረዶውን አላውቀውም፤ ሩጫውን ግን አውቀዋለሁ። ሃይሌን እናስታውስ። በ2010 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱን አሞት አቋረጠ፤ እዚያው ስሜቱ ሳይበርድ አቆምኩ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። በ2012 ለለንደን ኦሎምፒክ ማለፍ አልቻለም። በእርግጥ ያቆመው በ2015 ማንቸስተር ላይ ነው፤ በ42 ዓመቱ። እነዚያን ዓመታት በከንቱ ያለፉ የሚላቸው ሰው አለ። እኔ አልልም። አንድ ሰው ሕይወቱን በሙሉ በሰዓት ሲለካ ኖሮ አንድ ማለዳ ተነሥቶ ሰዓቱን ማውለቅ ይከብደዋል።

ትልቁን ሰው ሜዳ ላይ ማቆየት ምን እንደሚጠቅም ደግሞ አቴንስ 2004 ላይ አይተናል። ሃይሌ እግሩን ታሞ ነው 10 ሺህ ሜትሩን የሮጠው። ቀነኒሳና ስለሺ ፊት ሆነው ዞር ዞር እያሉ ይፈልጉት ነበር፤ እንዲደርስባቸው ብለው ፍጥነቱን ቀነሱለት። አልሆነም፤ አምስተኛ ወጣ። ወርቁን ቀነኒሳ፣ ብሩን ስለሺ ወሰዱ። ያን ዞር ብሎ ማየት ለልጆቼ እስከ ዛሬ እነግራቸዋለሁ። ሃይሌ በሲድኒው ወርቅ በቃኝ ብሎ ቢሆን ኖሮ ያን አናይም ነበር።

ስለዚህ ዕዳ ባይባልም፣ አደራ አለ እላለሁ።

ከቧንቧ ውሃ፦
አሰልጣኝ፣ እርስዎ ያሉት ልቤን ነካኝ። ግን አደራው በዝቶ ሰው እንዳይሰብር እፈራለሁ። በ2008 ሃይሌ የቤጂንጉን ማራቶን በአየሩ ብክለት ምክንያት አልሮጥም ሲል ስንቱ ሰው ተቆጣው። አስም አለበት እኮ። በሚቀጥለው ወር በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰኑን አሻሻለ። ሰውነቱን የሚያውቀው ራሱ ነው።

ከሰኞ ገበያ፦
እሺ፣ ከሩጫው እንምጣ። ፓሪስ 2024። ቀነኒሳ በማራቶን 39ኛ ሆኖ ገባ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ። እወደዋለሁ፤ ወላሂ እወደዋለሁ። ግን የአገር ቦታ ሦስት ብቻ ነው። ያቺ አንዷ ቦታ ለአንድ የ25 ዓመት ልጅ ሕይወቱ ነበረች። ታምራት ቶላ እኮ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ገብቶ ነው ወርቁን በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ያመጣው። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ወርቅ ተቀምጦ እንደነበር አስቡት።

ከቧንቧ ውሃ፦
ቀነኒሳ ግን በስሙ አልተመረጠም። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ ሁለተኛ ወጥቷል፤ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15። ሰዓቱን አምጥቶ ነው የገባው። የሚፈረድ ከሆነ በምርጫው መስፈርት ላይ ይፈረድ፤ ሮጦ ባለፈው ሰው ላይ አይደለም።

ከፒያሳ፦
ለጃፓን ልጅ ማልቀስ ላልከው ወንድሜ፣ ሳልቆጣ ልመልስልህ። በ2021 መጨረሻ ከደሴ ስንወጣ ምን እንደነበር አንተም ታውቀዋለህ፤ ያልተፈናቀለ ጥቂት ነው። ተመልሰን ስንገባ ቤታችን ተዘርፎ ነበር፤ ወለሉ ላይ አንጥፈን ነው የተኛነው። የቤጂንጉን ውድድር በእናቴ ስልክ ያየሁት እዚያ ወለል ላይ ነው። ያ ልጅ መጠለያ ያደረ፣ አዳራሹ የተዘጋበት እንደነበረ የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ ያገኘሁትን ሁሉ አየሁ። በ2014 ቻይና ላይ በማሟሟቂያ ሰዓት ከሌላ ስኬተር ጋር ተጋጭቶ፣ ራሱ ላይ ፋሻ ጠምጥሞ ገብቶ፣ አምስት ጊዜ ወድቆ አምስት ጊዜ ተነሥቷል። ከመጽሐፉ ያገኘውን ገንዘብ ለዚያ ለሴንዳይ አዳራሽ ሰጥቷል። ለራሳችን ጀግኖች ያለኝ ፍቅር በዚህ አልቀነሰም፤ ደራርቱ በ2009 በ37 ዓመቷ ኒውዮርክን ስታሸንፍ ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር አለቅሳለሁ።

የማሊኒኑ ነገር ያንገበግበኛል፤ አልዋሽህም። ጎን ለጎን ባያቸው ምንኛ ደስ ባለኝ። ግን የዚያን ዝላይ ሕመም የሚሸከመው የእኔ እግር አይደለም። ቤጂንግ ላይ የወጋውን ማደንዘዣ እኔ አልወጋሁም። «አንድ ዓመት ጨምርልን» ስለው የምጠይቀው ቁርጭምጭሚቱን ነው።

አሰልጣኝ፣ ለእርስዎ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከልጆችዎ መካከል ራሱ ቀን መርጦ ያቆመ አለ?

ከኮምቦልቻ፦
ልጄ፣ ከባድ ጥያቄ ጠየቅሽኝ። ካሠለጠንኳቸው አብዛኞቹ ያቆሙት በጉዳት ነው፤ ወይ ጫማ ሲያልቅ፣ ወይ ቤተሰብ ሥራ ፈልግ ሲላቸው። አንዱ ጥሩ የ5 ሺህ ልጅ ነበር። የቁርጭምጭሚት ጅማቱ አብጦ፣ ማሳከሚያ አጥተን፣ አሁን በሐረጎ ዳገት ላይ ሚኒባስ ይነዳል። ሲያየኝ ክላክስ ያደርጋል። መግለጫ አልሰጠም፣ ማንም አልተሰናበተውም። ሃንዩ ቀኑን ራሱ መርጦ፣ ቆሞ፣ ምክንያቱን ተናግሮ መውጣቱ እንግዲህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ በኩል ሳስበው የቅድሙን አደራ ከእሱ ላይ አነሣለሁ። ከእኛ ከአሰልጣኞቹና ከክለቦቹ ላይ ግን አላነሣም። ልጁ የሚያቆምበትን ቀን ራሱ እንዲመርጥ ሐኪምና ፊዚዮ ማቅረብ የማን ሥራ ነው?

ከሆጤ፦
አብሽር አሰልጣኝ፤ ይኸኛው ለብቻው መከራከሪያ ይሆናል። ነገ እንክፈተው።

ከሰኞ ገበያ፦
ስለ ሃንዩ ተቀብያለሁ፤ እህቴ፣ ማልቀስ ምንድነው ያልኩትንም አንሥቻለሁ። ከሜዳ በራሱ ቀን ይውጣ፤ ትርኢቱንም ያሳይ፣ የማንንም ቦታ አልያዘም። ስለ ኦሎምፒኩ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ሦስት ቦታ ሦስት ነው። የለንደኑ ሰዓት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለንደንና ፓሪስ መካከል ከሦስት ወር በላይ አለ፤ በ42 ዓመት ሦስት ወር ብዙ ነው። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሳምንታት እንደገና የሚታይበት መንገድ ይኑር፤ ለወጣቱም ለአንጋፋውም እኩል። ለዚህ መልስ ያለው ይምጣ።