«ስውር አድልዎ» እንበል ወይስ «ያልተለካ ዝንፈት»?

ታቦር፦ እዚህ ሐዋሳ ለጤና ተማሪዎች የቃላት ዝርዝር እያዘጋጀን ነው። «ባያስ»ን፣ ማለትም የጥናት ውጤትን ከእውነቱ የሚያርቀውን ስሕተት፣ «አድልዎ» ብለነዋል። መድኃኒት ከሕመምተኞች ካርድ ሲጠና ሳይታይ የሚገባውን ስሕተትስ «ስውር አድልዎ» ብንለው ይሄዳል?

አሞራ ገደል፦ አይሄድም። አድልዎ አድራጊ ይፈልጋል። እዚህ ማንም አላደላም፤ ሐኪሙ በጽኑ ለታመመው ጠንከር ያለውን ማዘዙ ሙያው ነው። «ዝንፈት» ይሻላል፤ «ከቃሉ ዝንፍ አይልም» እንደምንለው።

100 ጽኑ፣ 100 ቀላል ሕመምተኞች አሉ እንበል። «ሀ» እና «ለ» ከሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች የትኛውንም ቢወስዱ ከጽኑዎቹ 20፣ ከቀላሎቹ 5 ይሞታሉ። «ሀ» ለ80 ጽኑና ለ20 ቀላል፣ «ለ» ለ20 ጽኑና ለ80 ቀላል ታዘዘ። በ«ሀ» በኩል 16 እና 1፣ ድምሩ 17 ሞተ፤ በ«ለ» በኩል 4 እና 4፣ ድምሩ 8። ሳይለይ የደመረ ሰው «ሀ»ን ገዳይ ይለዋል።

ታቦር፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነዋ!

አሞራ ገደል፦ ተረቱ ላይ ሰውየው አህያውን እያየ ነው የሚፈራው። እዚህ አህያው፣ የሕመሙ ጽናት፣ ጭራሽ አይታይም።

ወንዶ ገነት፦ ጽናቱን «ጣልቃ ገብ ምክንያት» ብንለውስ?

አሞራ ገደል፦ እሱንስ በጭራሽ! ጣልቃ የሚገባ ነገር መድኃኒቱና ውጤቱ መካከል ይቆማል። የግፊት መድኃኒት ግፊት ቀንሶ ነው ስትሮክ የሚከላከለው፤ ተማሪው ግፊቱን «ጣልቃ ገብ» ብሎ በስሌት ቢያወጣው የመድኃኒቱን ጥቅም አብሮ ይጥለዋል። ጽናት ግን ከሁለቱም ይቀድማል። «አደናጋሪ» ይሁን።

ታቦር፦ «ስውር»ስ ምን አጠፋ?

አሞራ ገደል፦ የተሰወረ ነገር ተፈልጎ የሚገኝ ይመስላል። ችግሩ ካርዱ ላይ አለመጻፉ ነው፤ «ያልተለካ» በሉት። ፕሮፔንሲቲ ስኮር እንኳ፣ ማለትም አንድ ሕመምተኛ መድኃኒቱ የሚታዘዝለት ዕድል ስንት እንደሆነ ከካርዱ የሚሰላው ቁጥር፣ የሚያመዛዝነው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ወንዶ ገነት፦ ካልተለካ ምን ይደረጋል ታዲያ?

አሞራ ገደል፦ መጀመሪያ፣ መድኃኒቱን ምንም ካልወሰደ ሰው ጋር ሳይሆን ለዚያው በሽታ ከሚታዘዝ ሌላ መድኃኒት ጋር ማነጻጸር፤ ሁለቱንም ወገን አዲስ ከጀመሩት ብቻ መውሰድ። ነባር ተጠቃሚ ማለት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉዳት ደርሶበት ከማቋረጥ የተረፈው ነውና። ቀጥሎ፣ መድኃኒቱ ሊነካው የማይችል ውጤት፣ ለምሳሌ እንቅልፍ ለማያመጣ መድኃኒት የመኪና አደጋ፣ መርጦ ማስላት። እዚያም ልዩነት ከወጣ ሰዎቹ ከመነሻው አይመሳሰሉም።

መጨረሻ ላይ ኢ-ቫልዩ፣ ተመራማሪዎቹ ቫንደርዊልና ዲንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት፤ ልዩነቱን ለማስረዳት ያልተለካው ነገር ምን ያህል ብርቱ መሆን እንዳለበት የሚናገር ቁጥር ነው። 17 ለ8 ሲካፈል 2.125 ነው። ይህን፣ አንድ ሲቀነስበት በሚቀረው 1.125 አባዝቶ ስኩዌር ሩት ማውጣት፣ ከዚያ 2.125 መደመር፦ 3.67። ያልተለካው ነገር ከመድኃኒት ምርጫውም ከሞቱም ጋር 3.67 እጥፍ ያህል ካልተያያዘ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም። የእኛ ጽናት በሁለቱም በኩል 4 እጥፍ ነው፤ ይበቃዋል።

ታቦር፦ «ያልተለካ ዝንፈት» ገብቷል። «አደናጋሪ» ግን ሆን ብሎ የሚያደናግር ሰው አይመስልም? «አድልዎ»ን የጣልነው በዚሁ ነበር።