ድንች የማን ነው? ከጎረቤቴ ጋር ተከራክረናል

ድንች ላጯ፦
በዓል ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። በር ላይ ቁጭ ብዬ ድንች ስልጥ ጎረቤቴ ጋሼ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ታሪክ ሲነሳ ግን አይቻሉም። «ይሄ የአየርላንዶች ነው፤ እሱን አጥተው አይደል እንዴ ያለቁት?» አሉኝ። እኔ ከአሜሪካ የመጣ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። «አረጋግጪ!» ሲሉኝ ግን አፌ ተያዘ። እስቲ ፍረዱን፤ ልጬ ሳልጨርስ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አትክልተኛው፦
አንቺ ነሽ ልክ። ብቻ አሜሪካ ስትዪ ደቡቡን በይ። ድንችን ያላመዱት የአንዲስ ተራራ ገበሬዎች ናቸው፤ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚዋሰኑበት በቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ፣ ከሺህ ዓመታት በፊት። ወደ አውሮፓ የወሰዱት ስፔኖች ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። እኔን የሚገርመኝ የማቆያ ዘዴያቸው ነው። ማታ ውርጭ ላይ ያሰጡታል። ቀን በእግራቸው ረግጠው ውሃውን ያወጡታል፣ ከዚያ ፀሐይ ያደርቀዋል። ቹኞ ይሉታል፤ ዓመታት ይቀመጣል። ፍሪጅ የለ፣ መብራት የለ!

ዝምተኛዋ፦
ጋሼም ከመሬት ተነስተው አላወሩም። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ውስጥ ቅጠሉን አጥቁሮ ድንቹን የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። ድንች የሚተከለው ከራሱ ከድንቹ ስለሆነ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ድሃው ገበሬ ደግሞ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር የሚተክለው፤ ላምፐር የሚባለውን። አንዱን የያዘ በሽታ ሁሉንም ያዘ። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ ሚሊዮን የሚበልጥ ተሰደደ። ያ ሁሉ ሲሆን ከአገሪቱ እህል በመርከብ ወደ ውጭ ይጫን ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

የላይኛው ፎቅ፦
ፈረንሳዮቹን ረሳችኋቸው። ሥጋ ደዌ ያመጣል ብለው እ.ኤ.አ. በ1748 ድንች መትከል ከልክለው ነበር። ፓርመንቲዬ የሚባል የጦር ሠራዊት ፋርማሲስት በፕሩሲያ ተማርኮ እስር ቤት ድንች አበሉት። ሲፈታ ጤነኛ ነው! ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ለድንች ጠበቃ ሆነ። ማሳውን ቀን በወታደር ያስጠብቅና ማታ ጠባቂዎቹን ያነሳ ነበር ይባላል፣ ሰው እንዲሰርቀው። ተረት ይሁን እውነት፣ ሰውየው ጎረቤቶቹን ያውቃል።

ድንች ላጯ፦
ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ታዲያ እኔ የአየርላንዶችም ነው አልኩ እንጂ!» አሉኝ። ያቺ «ም» ጠዋት አልነበረችም። አሁን ቢላ ተቀብለውኝ እየላጡ ነው። ልጣጩን በጣም ያወፍሩታል፣ ግን አረንጓዴ የሆነውን እየለዩ ይጥላሉ። መርዝ እንዳለው ለእሳቸው መንገር አላስፈለገኝም።