«ሥዕል የልጅን ሐሳብ ይሰርቃል» ተባለ፤ እውነት ነው?

ጣና ዳር፦
ከትናንት ጀምሮ ስላናደደኝ ነው የምጽፈው። የልጄ አፀደ ሕፃናት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። መምህሯ «ማታ ከመተኛታቸው በፊት የሥዕል መጽሐፍ አንብቡላቸው፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል» አለች። አንድ አባት ተነሳና «ሥዕል የልጅን ሐሳብ ይሰርቃል፤ እኛ ያደግነው በጨለማ፣ በተረት ነው» አለ። ተጨበጨበለት። መምህሯ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፣ እሱ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ማታ መጽሐፏን ይዛ ጭኔ ላይ ስትወጣ ምኗ ነው የሚሰረቀው?

የሽምብጥ አባት፦
ያ አባት እኔ ነኝ። ያልኩትን አልክድም። ልጅ «አያ ጅቦ መጣ» ሲባል የራሱን ጅብ ይሠራል። አንዱ ትልልቅ ጥርስ ይሰጠዋል፣ ሌላው አንካሳ ያደርገዋል። ሥዕሉን ስታሳዪው ግን የአንድ ሰዓሊ ጅብ ተሰጠው፣ አለቀ። አያቴ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን የምንመልሰው እኛ ነበርን። ግማሹ ሥራ የእኛ ነበር።

የቀበሌ 14 እናት፦
ወንድሜ፣ «አለቀ» አትበል። የኔ ልጅ ጅቡን ሥዕሉ ላይ ካየ በኋላ ነው ጥያቄ የሚጀምረው። «እናቱ የታለች? ማታ የት ይተኛል? ለምን ብቻውን ሆነ?» ይለኛል። ሥዕሉ ላይ እናቱ የለችም። እሷን የሠራት እሱ ነው። ታዲያ የተሰረቀው የቱ ነው?

ቀለም ቆጣሪ፦
እኔ እንኳ ስለ ሐሳብ ስርቆት አላውቅም። የማውቀው መብራት ሲጠፋ መጽሐፍ እንደማይነበብ ነው። ተረት መብራት አይፈልግም።

የአፀደ ሕፃናት መምህርት፦
የዚያ ትምህርት ቤት መምህርት አይደለሁም፣ ሥራዬ ግን ያው ነው። የ3 ዓመት ልጅ ረጅም ታሪክ በጆሮው ብቻ ተከትሎ መጨረስ ይከብደዋል። ሥዕል ሲኖር ዓይኑ የሚያርፍበት ያገኛል፣ የጠፋበትን ወደ ኋላ ገልጦ ይፈልጋል። አንዱን መጽሐፍ በየማታው አንብቡልኝ ብሎ የሚያስቸግራችሁ ለምን ይመስላችኋል? የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው። ገጹ ሳይገለጥ ቀድሟችሁ ይናገራል። ፊደል ሳይለይ እያነበበ ነው ማለት ነው! መጽሐፍ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ከጨቅላነት ጀምሮ ጮክ ተብሎ እንዲነበብላቸው ወላጆችን ምከሩ ብሏል።

የሽምብጥ አባት፦
አንብቡ አሉ እንጂ ሥዕል አሳዩ አሉ እንዴ?

የአፀደ ሕፃናት መምህርት፦
ለ8 ወር ልጅ ሥዕል የሌለው መጽሐፍ ይዘህ እስቲ ሞክረው።

የዘጌ ልጅ፦
እዚህ ክርክር ውስጥ አንድ ነገር ተረስቷል። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የገባ ሰው የመቅደሱን ግድግዳ ያውቃል። ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ በላዔ ሰብእን አሳየችኝ። ሰው ሲበላ፣ ቀጥሎ ለተጠማው ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፣ ከዚያ ነፍሱ ስትመዘን ሚዛኑ ሲያደላለት። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፣ ታሪኩን ግን ቤት ገብቼ ለታናሼ ነገርኩት። በሥዕል ታሪክ መንገር ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሥዕል የፈረንጅ ነው የሚል ሰው ጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ ይሂድ።

የሽምብጥ አባት፦
የፈረንጅ ነው መቼ አልኩ? «ይሰርቃል» ነው ያልኩት። ያላልኩትን አትመልስልኝ።

አባ ወራ፦
የዘጌው ልጅ፣ ተጠንቀቅ። ያ ቅዱስ ሥዕል ነው። የሚጸለይበት ነው። ልጅ ከሚያኝከው የመኝታ መጽሐፍ ጋር እንዴት አንድ ላይ ትጠራዋለህ?

የዘጌ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላወዳደርኩም። ማንበብ የማይችል ሰው በሥዕል ይማር እንደነበር ለማለት ነው። እርስዎም በልጅነትዎ ያዩት ይመስለኛል።

አባ ወራ፦
አይቻለሁ። ያየሁት ግን ቆሜ ነው፣ ጫማዬን አውልቄ። ተኝቼ አይደለም።

የቀበሌ 14 እናት፦
ለመሆኑ ማታ ለ4 ዓመት ልጅ ሰው በላ ታሳያለህ? የኔማ እስኪነጋ አይተኛም።

ሰዓሊው፦
የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሥዕሉ አይሰርቅም፣ የማን ሥዕል ነው የሚለው ግን ያሳስበኛል። እዚህ ባሕር ዳር የማገኛቸው መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ድብና በረዶ ናቸው። ልጆቻችን አባይ ከጣና በሚወጣበት ጉማሬ ያያሉ። የደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ሲመጣ ያያሉ። የውኃ ወፉን፣ አሣ አጥማጁን ያውቃሉ። መጽሐፋቸው ላይ ግን አንዱም የለም። ልጅ የሚያውቀውን ነገር ገጽ ላይ ሲያገኘው «ይሄ የኛ ነው!» ብሎ የሚጮኸውን ጩኸት የሰማ ሰው ይገባዋል።

ጣና ዳር፦
ይሄ እውነት ነው። ልጄ «በረዶ ምንድን ነው?» ብላኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ግን በአማርኛም የሞከሩ አሉ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሜሪካ ሳንፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠራ ነው የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እጥረት የታየው። ከዚያ አገሩ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየተጫነ ለልጆች ደርሷል።

ቀለም ቆጣሪ፦
ሾላና ሐዋሳ ጥሩ ነው። እዚህስ? ለኛ ልጅ ማን ያመጣለት? ባለ ቀለም መጽሐፍ ማሳተም ውድ ነው፤ አሳታሚውም የሚያዋጣው አይመስለውም። ደሞዝተኛ ከጤፍና ከዘይት የተረፈውን ነው የሚገዛበት።

የአፀደ ሕፃናት መምህርት፦
ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኝ አለ እኮ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ላይ የአማርኛ የሥዕል ታሪኮች አሉ። ማተም ይቻላል።

የቀበሌ 14 እናት፦
ካልታተመ ስልክ ላይ ነው የሚታየው። ስልክ ደግሞ አልጋ ውስጥ አላስገባም። አንዴ ከገባ ታሪኩ ቀርቶ ካርቱን ይሆናል፣ ከዚያ ቀሙኝ ብሎ ለቅሶ ነው። መጽሐፍ ሲያልቅ ያልቃል።

የሽምብጥ አባት፦
አባባ ተስፋዬን አስታውሱ። ከ40 ዓመት በላይ ለአገሪቱ ልጆች ተረት ሲነግሩ መጽሐፍ አልገለጡም። ያ ሁሉ ትውልድ ምን ጎደለበት?

ሰዓሊው፦
አባባ ተስፋዬን እኮ በቴሌቪዥን ነው ያየናቸው! ፊታቸው፣ እጃቸው፣ ዓይናቸው ሲፈጥ። ሥዕሉ እሳቸው ነበሩ። ራዲዮ ቢሆን እንዲያ እናስታውሳቸው ነበር?

የሽምብጥ አባት፦
ፊታቸውን አየን፣ ጅቡን አላየንም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የግሽ አባይ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለሚያነብ ወላጅ ታወራላችሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከገጠር መጥታ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ልጄ መጽሐፉን ይዞ ወደ እኔ መምጣት ትቶ ወደ እሷ ነው የሚሄደው። እሷ ሥዕሉን እያየች በራሷ ቃል ትነግረዋለች። መጽሐፉ ላይ ውሻ ነው፣ እሷ የሰፈሯን ውሻ ስም ትሰጠዋለች። አንድ ማታ የጨረሰችው ነገር በሚቀጥለው ማታ ሌላ ይሆናል። ልጁ «ትናንት እንዲህ አላልሽም» ብሎ ያርማታል። ሥዕሉ ባይኖር እናቴ መጽሐፍ በእጇ አትነካም ነበር። እና «ይሰርቃል» የምትለው ወንድማችን፣ ለእናቴ ግን ሰጥቷታል።

የሽምብጥ አባት፦
ስለ እናትህ እውነቱን ልንገርህ? እሷ ሥዕሉንም አትፈልገውም። ተረቱ ውስጧ ነው።

የግሽ አባይ ልጅ፦
አንተ እናቴን አታውቃትም። ልጁ ጎኗ ተቀምጦ በጣቱ እየጠቆመ «ይቺስ?» ሲላት ነው አፏ የሚፈታው።

ጣና ዳር፦
ሁላችንም ዞርን ዞርን፤ አንተ ግን የሽምብጥ አባት፣ ጥያቄዬን አልመለስክልኝም። ምን ይሰረቃል? አንተም እኮ የዑራን ግድግዳ አይተህ ያደግክ ሰው ትመስላለህ። ምንህ ተሰረቀ?

የሽምብጥ አባት፦
በላዔ ሰብእን አየሁ። 7 ዓመቴ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ በላዔ ሰብእ ማሰብ አልቻልኩም። ስሙ ሲጠራ የሚመጣብኝ ያ ግድግዳ ላይ ያለው ብቻ ነው። ይኸው የተሰረቀብኝ።

የዘጌ ልጅ፦
እኔ ስለሱ ነው የማመሰግነው። 30 ዓመት ሙሉ አብሮኝ ኖሯል።

የቀበሌ 14 እናት፦
አያትህ የነገረችህ ጅብስ? ዛሬም ይታይሃል?

የሽምብጥ አባት፦
ይታየኛል። አንካሳ ነው። የቀኝ የኋላ እግሩን ይጎትታል።

ሰዓሊው፦
እንግዲያው በደንብ ንገረኝና ልሣለው። ለልጅህ ይሆናል።

የሽምብጥ አባት፦
አይሆንም። ልጄ የራሱን ይሥራ።