የማቻን እርግማን በየትኛው መንገድ ልተርጉመው?

የአየርላንድ ጥንታዊ ተረቶችን የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ባሏ በጉባኤ መካከል «ሚስቴ ከንጉሡ ፈረሶች ትቀድማለች» ብሎ በመፎከሩ፣ ነፍሰ ጡሯ ማቻ ለመሮጥ ትገደዳለች። ቀድማ ገብታ መድረሻው ላይ መንታ ትገላገላለች። የኡልስተር (የሰሜን አየርላንድ ግዛት) ወንዶች ጭንቅ በመጣባቸው ጊዜ ሁሉ ምጥ እንዲይዛቸው እስከ ዘጠኝ ትውልድ ትረግማለች።

አንዱ ንባብ ማቻን የፈረስ እንስት አምላክ አድርጎ ከጎሏ (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) የፈረስ እንስት አምላክ ኤፖናና በዌልስ ተረት ከምትገኘው ሪያነን ጋር ያዛምዳታል። ሪያነን ልጇን ገድላለች ተብላ እንግዶችን በጀርባዋ እንድትሸከም መፈረዷ ይህን ያጠናክረዋል። እንቅፋቱ የዘመን ርቀት ነው፦ የኤፖና ማስረጃ በአብዛኛው የሮማ ዘመን ቅርጻ ቅርጽ ሲሆን፣ የማቻን ታሪክ ግን ክርስቲያን ጸሐፍት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው በብራና ያሰፈሩት።

ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላው ንባብ ነው። ተረቱ «የኩሊ ከብት ዘረፋ» ለተባለው የአየርላንድ ጥንታዊ የጦርነት ታሪክ መንደርደሪያ ነው፤ ወንዶቹ በምጥ ሲወድቁ ጀግናው ኩ ኩለን ለምን ብቻውን ድንበር እንደጠበቀ ያስረዳል። ታዲያ ለዚህ ከሆነ እንቅልፍ ወይም በሽታ አይበቃም ነበር? ምጥ ለምን ተመረጠ? ማቻ ከሩጫው በፊት «እናንተንም እናት ወልዳችኋለች» ብላ ስትለምን እምቢ መባሏስ የት ይገባል?

ሁለቱን ሳላጋጭ ለመተንተን ከጽሑፉ አወቃቀር ልነሳ ወይስ ከአምላክነቷ? የትኛውን የተረቱን ክፍል ማስረጃ ላድርግ?