ለማዮፒያ (የሩቁን አጥርቶ ያለማየት) ሕክምና የሚጀምር ልጅ፦ የቱ ጠብታ፣ የቱ ሌንስ፣ የት ይመርመር? (ጥቆማ)

ጥያቄ

ጤና ይስጥልን። ልጁ 9 ዓመቱ ነው፣ መነጽሩ ማይነስ 3፣ ፓወሩ በየዓመቱ ይጨምራል። ዓይኑን አዘውትሮ ያሻል፣ በበጋ ይቀላበታል። ማዮፒያውን ያዘገያሉ የተባሉ ሦስት ነገሮች ተነግረውናል፦ አነስተኛ መጠን ያለው የአትሮፒን ጠብታ፣ ልዩ የመነጽር ሌንስ፣ ማታ ተደርጎ ጠዋት የሚወልቅ ኮንታክት ሌንስ። የዓይኑን ገጽ የማይጎዳው የቱ ነው? አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የት ብናሳየው ይሻላል?

ኦፕቶሜትሪስት (የዕይታ መርማሪ)፣ ጎንደር

ምርጫው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት "ያሻል" ያላችሁት ይታይ። በእኛ አገር ፀሐይና አቧራ ላይ የሚውል ልጅ ዓይኑን ዘወትር ካሸ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቬርናል የሚባለው የዓይን አለርጂ ነው። ማሸቱ ለዓመታት ከቀጠለ ኮርኒያው (የዓይኑ የፊት ጥርት ያለ ሽፋን) ሳስቶ ወደ ፊት ሊሾልም ይችላል፤ ይህ ኬራቶኮነስ ይባላል። ፓወሩ በየጊዜው ስለሚጨምር ከውጭ ሲታይ ማዮፒያ የባሰ ይመስላል። አትሮፒንም ሆነ ልዩ መነጽር ይህን አያቆመውም።

ስለዚህ ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። የእንባው ሽፋን በፍሎረሰን ወረቀት የሚለካው ማንኛውም ጠብታ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከ10 ሰከንድ በታች ከተበጣጠሰ እንባው ደካማ ነው። ከዚያ የላይኛው የዓይን ቆብ ይገለበጣል። ውስጡ ድንጋይ የተነጠፈ መንገድ የመሰለ እብጠት ካለ ቬርናል ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ ከሆነ የትራኮማ ምልክትም በዚያው ይታያል።

ቀጥሎ ብሌኑን የሚያሰፋው ሳይክሎፔንቶሌት 1% ጠብታ ይጨመራል፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል፣ ልኬቱ የሚወሰደው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ይህ ሳይደረግ "ማይነስ 3" የተባለ ልጅ በትክክል ሲለካ ማይነስ 2 ሊሆን ይችላል፤ ልጆች ሲለኩ ዓይናቸው ሳያውቁት ወደ ቅርብ ያተኩራልና። የኮርኒያ ካርታ (ቶፖግራፊ) ይነሳ፣ አስቲግማቲዝሙ (የኮርኒያው ቅርጽ ወጥ አለመሆን) እየጨመረ ከሆነ የግድ ነው። ማዮፒያ ሲብስ የሚጨምረው የዓይኑ ርዝመት የሚለካው በብርሃን ከሆነ ኮርኒያን አይነካም። ጫፉ ኮርኒያውን በሚነካ መሣሪያ ከሆነ ግን ዓይኑ በጠብታ ስለሚደነዝዝ መጨረሻ ላይ ይደረግ። ማደንዘዣው እስኪለቅ ልጁ ዓይኑን እንዳያሽ ጠብቁት፣ ሳይሰማው ይጭረዋል።

ጎንደር ከሆናችሁ የዩኒቨርሲቲው የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል። የግል ክሊኒክ ከመረጣችሁ አስቀድማችሁ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በጠብታ አስፍታችሁ ትለካላችሁ? ቶፖግራፊ አላችሁ? የዓይን ርዝመት ትለካላችሁ? ለመጀመሪያው "አያስፈልግም" የሚል ቤት ይቅርባችሁ።

የዓይን ሐኪም፣ አዲስ አበባ

በላይኛው እስማማለሁ። አለርጂ ከተገኘ መጀመሪያ እሱ ይርጋ። ለማዮፒያው ጥቂት ሳምንት መዘግየት ምንም አያመጣም። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ በተከደነ ዓይን ላይ ማድረግ፣ የአለርጂ ጠብታው ኦሎፓታዲን 0.1% በቀን 2 ጊዜ። ሌላው የአለርጂ ጠብታ ክሮሞግላይኬት 2% በቀን 4 ጊዜ ይሰጣል፣ ግን ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈልግ "አልሠራም" ተብሎ በሦስተኛው ቀን አይጣልም።

ዴክሳሜታዞን የሚባለው የስቴሮይድ ጠብታ ግን ያለ ክትትል አይሁን። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ተገዝቶ ወራት የተጨመረበት ልጅ መቅላቱ ስለጠፋለት ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ ውስጥ ግን የዓይን ግፊቱ ከፍ እያለ ነርቭ ይጎዳል፣ ሞራም ሊመጣ ይችላል። ግፊት ደግሞ አያምም። አንቲባዮቲክ ተቀላቅሎበት የሚሸጠውም ውስጡ ያው ስቴሮይድ ስላለው ማሸጊያው ላይ ያለውን ስም አንብቡ።

ልጁ ሲመሽ አያየኝም የሚል ከሆነ ዳፍንት እንዳይሆን የቫይታሚን ኤ እጥረት ይታይ። እሱም ዓይንን ያደርቃል።

ፋርማሲስት

ስለ አትሮፒን። በሆንግ ኮንግ ተሠርቶ በ2019 በታተመው ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒት የሌለው ጠብታ ያገኙ ልጆች በአማካይ 0.81 ዲዮፕተር (የመነጽር ፓወር መለኪያ) ጨመሩ፣ 0.01% ያገኙት 0.59፣ 0.05% ያገኙት 0.27። ብዙዎች የሚያውቁት 0.01% እንግዲህ ደካማው ነው። ጠንካራው ደግሞ በብርሃን መቸገርንና የቅርብ ነገር መደብዘዝን ትንሽ ያብሳል። በድንገት ሲቋረጥ ማዮፒያው ሊመለስ ስለሚችል ማቆሙም በሐኪም ይሁን።

ከፋርማሲ መደርደሪያ በብዛት የሚገኘው 1% ነው። ከዚያ ቤት ውስጥ የሚያቀጥኑ አሉ፤ አታድርጉ። 0.01% ማለት መቶ እጥፍ ማቅጠን ነው፣ ማለትም 0.1 ሚሊ ሊትር በ9.9 ሚሊ ሊትር። ይህን በጠብታ ቆጥሮ የሚሠራ ሰው አሥር እጥፍ ቢሳሳት አያውቅም፣ የተከፈተ ጠርሙስም ንጽሕናው ያበቃል። አንድ ጠብታ የ1% አትሮፒን ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል መድኃኒት አለ። ልጅ ላይ ፊት መቅላት፣ ትኩሳት፣ አፍ መድረቅ፣ መቃዠት ያመጣል። ጠርሙሱ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ለዓይን ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አትሮፒኑ ሳይሆን ጠብታው እንዳይበላሽ የሚገባበት ማቆያ፣ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ፣ ነው። የእንባን ሽፋን ያሳሳል። ለዓመታት በየማታው የሚጨመር ጠብታ ላይ ይህ ይደመራል፤ የአለርጂ ጠብታና ሰው ሠራሽ እንባ ሲታከሉበት ያው ኬሚካል በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይገባል። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚሆን ማሸጊያ የመጣውን፣ ማቆያ የሌለበትን ጠይቁ። ካልተገኘ ቢያንስ ሰው ሠራሽ እንባው ማቆያ የሌለው ይሁን።

አጨማመሩ፦ ከመኝታ በፊት አንድ ጠብታ ብቻ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ2 ደቂቃ በጣት መጫን፣ ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ መጠበቅ። ቆቡ ቀልቶ ቆዳው ከተላጠ ለአትሮፒኑ ራሱ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል አቁማችሁ ለሐኪም አሳዩ።

መነጽር ሠሪ፣ አዲስ አበባ

የዓይን ገጽ ከሆነ ጭንቀታችሁ መነጽሩ ይቀድማል፣ ዓይን አይነካማ። "ማዮፒያ ያቆማል" ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የሰማያዊ ብርሃን መከላከያ ሽፋን ማዮፒያን አያዘገይም። ሆያ የሚሠራው ማይዮስማርት መሀሉ ንጹሕ ሆኖ ዙሪያው እንደ ማር እንጀራ በተደረደሩ ጥቃቅን ሌንሶች ይሞላል፤ የኤሲሎር ስቴለስት በቀለበት የተደረደሩ ነጠብጣቦች አሉት። ወደ መብራት አዙራችሁ ስታዩት ምንም የማይታይበት ሌንስ ከሆነ ሌላ ነገር ነው የተሸጠላችሁ።

ልኬት ላይ የሚበላሸው ደግሞ ይህ ነው፦ የሌንሱ መሀል ከብሌኑ ፊት ለፊት መሆን አለበት። ወደ አፍንጫ የሚንሸራተት ፍሬም ሁሉን ያፈርሳል። ፍሬሙ ለልጅ የተሠራ ይሁን፣ የፍሬሙ እጅ ከጆሮ ጀርባ ይያዝ፣ ከእንቅልፍ በቀር ቀኑን ሙሉ ይደረግ።

ኦፕቶሜትሪስት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ዘመድ አሜሪካ ስላላችሁ ኮንታክት ሌንስ ልታስልኩ የምታስቡ ካላችሁ፦ ማይሳይት የሚባለው በየቀኑ የሚጣል ሌንስ በኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) የጸደቀው በኖቬምበር 2019፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላይ ለሚጀምሩ ልጆች ነው። በየማታው ስለሚጣል ማጽጃ ፈሳሽ አይፈልግም፣ ለዓይን ገጽ ከማታው ሌንስ ይሻላል።

የማታውን (ኦርቶኬራቶሎጂ) ግን ለዚህ ልጅ አልመክርም። የተከደነ ዓይን ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ሌንሱም ሊጣበቅና የኮርኒያን መሀል ሊያቆስል ይችላል። በ2013 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በልጆች ላይ በ10,000 የተጠቃሚ ዓመት (10,000 ልጆች ለአንድ ዓመት ቢጠቀሙ) ወደ 14 የሚጠጋ የኮርኒያ ኢንፌክሽን ተገምቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ጠባሳው ግን አይጠፋም። ለሚጀምር ሰው የቧንቧም የታሸገም ውሃ ሌንሱንም ማስቀመጫውንም አይንካ፣ ኮርኒያን የሚያጠቃው አካንታሜባ የሚባል ጥቃቅን ተሕዋስ የሚገባው ከውሃ ነው። የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማጽጃ በራሱ ማስቀመጫ ቢያንስ 6 ሰዓት መቆየት አለበት፤ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። ጠዋት ሌንሱ ካልተንቀሳቀሰ አትጎትቱት፤ ማቆያ የሌለው እንባ ጨምራችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ የታችኛውን ቆብ በሌንሱ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ግፉ።

ጥያቄ

አለርጂው ከረጋ በመነጽሩና በአትሮፒኑ አብረን ብንሄድስ?

የዓይን ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ይቻላል። እኔ ብሆን በመነጽሩ ብቻ 6 ወር አየዋለሁ፤ የዓይኑ ርዝመት መጨመሩ ካልቀነሰ አትሮፒኑን እጨምራለሁ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የሚጠቀምባቸውን ጠብታዎች በሙሉ ከነካርቶናቸው ይዛችሁ ኑ። ሕመም፣ ብርሃን መፍራት ወይም ኮርኒያው ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን አሳዩት።