ዲጂታል ፒያኖ ለቤት ቀረጻ ይበቃል ወይስ የተለየ የሚዲ ኪቦርድ ያስፈልጋል?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ፒያኖ አለኝ፤ ከጀርባውም የዩኤስቢ መሰኪያ አለው። ቤቴ ውስጥ በኮምፒውተር ማቀናበርና መቅረጽ ልጀምር ስል አንድ ወዳጄ «ፒያኖ ለልምምድ እንጂ ለቅንብር አይሆንም፤ መጀመሪያ የሚዲ ኪቦርድ ግዛ» አለኝ፤ የሚዲ ኪቦርድ የሚለው የኮምፒውተሩን ድምፆች ለማጫወት የሚያገለግለውን ኪቦርድ ነው። ሌላው ደግሞ ያለኝን አስቀምጬ ሌላ መግዛት ገንዘብ ማባከን እንደሆነ ነገረኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ፒያኒስት፦ እኔ ከሁለተኛው ወዳጅዎ ጋር ነኝ። ሚዲ፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያዎች መልእክት የሚለዋወጡበት ቋንቋ፣ ከመነሻው የታሰበው በተለያዩ ኩባንያዎች የተሠሩ መሣሪያዎች እንዲግባቡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1983 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደው ናም በተባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት ላይ ፕሮፌት 600 እና ጁፒተር 6 የተባሉት የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ሲንተሳይዘሮች በኬብል ተያይዘው አንዱ ሌላውን ሲያጫውት የታየውም ይህንኑ ለማሳየት ነበር። በኬብሉ የሚያልፈው የትኛው ቁልፍ፣ መቼና በምን ፍጥነት እንደወረደ የሚናገር መልእክት እንጂ ድምፁ ስላልሆነ፣ ላኪው «ፒያኖ» ይባል «ኮንትሮለር» (የሚዲ ኪቦርድ ሌላ ስሙ) ለኮምፒውተሩ ልዩነት የለውም። ለተጫዋቹ ጣት ግን ልዩነት አለው። ክብደት ባለው ቁልፍ ላይ ለስላሳውንና ጠንካራውን አመታት ለይቶ የተማረ እጅ፣ በቀላል የፕላስቲክ ቁልፍ ላይ የፒያኖ ክፍል ሲቀርጽ ወይ ሁሉንም እኩል ያጮኸዋል፣ ወይም ከቀረጻው በኋላ ኖታዎቹን አንድ በአንድ በመዳፊት (በማውስ) ሲያርም ይውላል።

አቀናባሪ፦ የፒያኖ ክፍል ሲቀረጽ ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን ቅንብር ፒያኖ ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ዲጂታል ፒያኖዎች ኖታውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያጥፈው በጣት የሚሽከረከር ጎማም ሆነ የሞዱሌሽን ጎማ የላቸውም፤ ከእውነተኛ መሣሪያ በተቀረጹ ድምፆች በሚሠሩ በብዙ የቫዮሊንና የሴሎ ፕሮግራሞች ውስጥ ደግሞ አንድ ረጅም ኖታ እየጎላ ሄዶ እንዲለዝብ የሚያደርገው ይኸው የሞዱሌሽን ጎማ ነው። ፒያኖ ቁልፉ የተነካበትንና የተለቀቀበትን ቅጽበት ብቻ ነው የሚናገረው፤ በመካከል በኖታው ላይ ስለሚሆነው ነገር ከፔዳሉ በቀር የሚልከው የለም። ከበሮ ለመምታትም ከባድ ቁልፍ ጣት ያደክማል። አቀማመጡንም አስቡት፤ ኮምፒውተሩ በአንድ ግድግዳ፣ ፒያኖው በሌላው ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር ዜማ ከወንበር ተነስቶ መሄድ ሥራውን ይገድለዋል። ባለ 25 ቁልፍ ኪቦርድ ግን ስክሪኑ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

ጥያቄ አቅራቢ፦ በዚህ መሃል ኬብሉን ሰክቼ ሞከርኩት። አንድ ቁልፍ ስነካ ሁለት ድምፅ ይሰማኛል፤ ሁለተኛው ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። ምናልባት የመጀመሪያው ወዳጄ እውነቱን ይሆን?

የድምፅ ባለሙያ፦ ይህ የፒያኖው ጉድለት አይደለም። አንዱ ድምፅ ከፒያኖው ከራሱ፣ ሌላው ከኮምፒውተሩ የሚመጣ ነው። በፒያኖው ማስተካከያዎች (ሴቲንግ) ውስጥ ሎካል ኮንትሮል የሚባለውን ፈልገው ያጥፉት፤ ያን ጊዜ ቁልፎቹ ወደ ኮምፒውተሩ መልእክት ይልካሉ እንጂ የፒያኖውን ድምፅ አያነቁም። ካጡት የፒያኖውን ድምፅ መቀነስም ይበቃል። መዘግየቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከኮምፒውተሩ የድምፅ ባፈር፣ ማለትም ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ከሚጠራቀምበት ጊዜያዊ ማከማቻ ነው፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፅ ልኬት) በሚሠራ ፕሮግራም የ1,024 ናሙና ባፈር ወደ 23 ሚሊሰከንድ ሲወስድ፣ የ128 ናሙና ግን 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። በአሮጌው ባለ 5 እግር የሚዲ ኬብል እንኳ አንድ ኖታ ለመድረስ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት። ስለዚህ አዲስ ኪቦርድ ቢገዙም ባፈሩን ካልቀነሱ መዘግየቱ እዚያው ይጠብቅዎታል።

እግረ መንገዴን፣ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ልጨምር። በዩኤስቢ የሚሄደው መልእክቱ እንጂ የፒያኖው ድምፅ አይደለም፤ በዩኤስቢ ድምፅ ጭምር የሚልኩ ሞዴሎች አሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። የፒያኖዎን የራሱን ድምፅ ከወደዱት በድምፅ መውጫው በኩል ወደ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) አስገብተው ሊቀርጹት ይገባል፤ ሎካል ኮንትሮልም በዚህ ጊዜ መጥፋት የለበትም።

አቀናባሪ፦ ስለ ቁልፍ አመታት ግን አንድ ነገር ተዘለለ። ሚዲ የቁልፉን ፍጥነት ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይገልጸዋል። እኔ ከተጠቀምኩባቸው ዲጂታል ፒያኖዎች አንዱ በጡጫ ቢመቱት እንኳ 127 ላይ አይደርስም ነበር፤ የኮምፒውተሩም ፒያኖ ሁልጊዜ ደብዝዞ ይሰማ ነበር። «የፒያኖ ቁልፍ ሁሉን ይገልጻል» ሲባል ይህም ይታሰብ።

ፒያኒስት፦ ይህ እውነት ነው፣ እኔም ገጥሞኛል። መፍትሔው ግን የድምፅ ፕሮግራሙን የአመታት ኩርባ፣ ማለትም የቁልፉ ፍጥነት ምን ያህል ጉልህ ድምፅ እንደሚሰጥ የሚወስነውን፣ ማስተካከል ነው፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የቀላል ቁልፍን ባሕርይ ግን የትኛውም ኩርባ ከባድ አያደርገውም።

ጥያቄ አቅራቢ፦ ሎካል ኮንትሮሉን አጠፋሁት፣ ባፈሩንም ወደ 128 አወረድኩት፤ አሁን አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ቫዮሊን ስጨምር ግን ጎማው አያስፈልገኝም? ፔዳሉን በምትኩ ልጠቀምበት እችላለሁ?

የድምፅ ባለሙያ፦ ፔዳሉ ተራ ማብሪያና ማጥፊያ ከሆነ 0 እና 127 ብቻ ስለሚልክ ድምፁ ይዘላል እንጂ ቀስ ብሎ አያድግም። ግማሽ መርገጥ የሚያውቅ ፔዳል ከሆነ በመካከል ያሉትንም ቁጥሮች ይልካል፤ የመቅረጫ ፕሮግራምዎ ከፈቀደ መልእክቱን ወደ ሞዱሌሽን ይቀይሩታል። አለበለዚያ የሞዱሌሽኑን መስመር ከቀረጻው በኋላ በመዳፊት መሳል ይቻላል፤ አድካሚ ነው እንጂ የማይሆን አይደለም። ሌላው መንገድ ትንሽ ኪቦርድ ከፒያኖው ጎን ማስቀመጥ ነው፤ ፕሮግራሞቹ ከሁለት መሣሪያ የሚመጣን መልእክት በአንድ ትራክ ላይ ስለሚቀበሉ፣ ቀኝ እጅዎ ፒያኖውን ሲጫወት ግራው ጎማውን ይይዛል።

አቀናባሪ፦ እንግዲያው ሐሳቤን ተቀበላችሁ ማለት ነው፤ መግዛቱ አልቀረም።

ፒያኒስት፦ ወዳጃቸው ያሉት «መጀመሪያ ግዛ» ነበር። እኔ የምቃወመው «መጀመሪያ» የምትለዋን ቃል ነው።